ብድር ሳይቆጥሩ መውደድ፦ ከኩርፊያ እስከ አስታማሚነት

ኑሯችን በብድር የተሳሰረ ነው። ለቅሶ የደረሰልንን እንደርሳለን፣ ሠርግ የጠራንን እንጠራለን፣ ስንወልድ ገንፎ ልታገነፋ የመጣችውን ጎረቤት ተራዋ ሲደርስ እኛም እንሄድላታለን። ይህ ክፉ ልማድ አይደለም፤ ዕድሩንም ማኅበሩንም ያቆመው እሱ ነው። ችግሩ ሒሳቡ የተዛባ ዕለት ይመጣል። «እናቴ ስትሞት ብቅ አላለም» የተባለ ሰው ከዚያ ቀን ጀምሮ ከዝርዝር ይሰረዛል፤ ዐሥር ዓመት ሙሉ ያደረገው ሁሉ ይረሳል።

ጌታችን በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 14 ምሳ ለጠራው ሰው የሰጠው ምክር ከዚህ ሒሳብ ውጭ ነው። በተራቸው የሚጠሩህን ወዳጆችህንና ባለጠጎች ጎረቤቶችህን ሳይሆን ድሆችንና አካለ ጎዶሎዎችን ጥራ አለው፤ ምክንያቱንም ሲነግረው «የሚመልሱት ብድራት የላቸውምና ብፁዕ ትሆናለህ» አለ። ጳውሎስም የእግዚአብሔርን ፍቅር ሲያስረዳ የሚጠቅሰው ጊዜውን ነው፤ ክርስቶስ የሞተልን «ገና ኃጢአተኞች ሳለን» ነው ይላል (ሮሜ 5፥8)። ማለትም ከመመለሳችን በፊት፣ ይቅርታ ከመጠየቃችን በፊት።

እንዲህ መውደድ በስሜት አይጀመርም። ስሜቱ እስኪመጣ የሚጠብቅ ሰው ሳይጀምር ይቀራል። በትንሽ፣ በተወሰነና በተደጋገመ ሥራ ግን ማንም ሊጀምረው ይችላል። ከዚህ በታች ያለው ይህን ሥራ በጣም በሚከብድባቸው ቦታዎች እንዴት መሥራት እንደሚቻል ነው።

መጠኑን ከደጉ ሳምራዊ መማር

ብዙ ሰው «ያለ ቅድመ ሁኔታ» ሲባል «ያለ ወሰን» ማለት ይመስለውና ገና ከመጀመሩ ይደክመዋል። በሉቃስ 10 የተጻፈውን የሳምራዊውን ሥራ ቀስ ብሎ ያነበበ ግን ሌላ ነገር ያያል። ሳምራዊው ቁስሉ ላይ ዘይትና ወይን አፈሰሰ፣ አሰረው፣ በገዛ አህያው ላይ አስቀምጦ ወደ እንግዶች ማረፊያ ወሰደው፣ በዚያም አስታመመው። በማግሥቱ ለማረፊያው ጌታ ሁለት ዲናር ሰጠ። አንድ ዲናር የአንድ ቀን ሠራተኛ ደመወዝ ስለነበር (ማቴዎስ 20፥2) ያወጣው የሁለት ቀን ደመወዝ ነው። ከዚያ «ጠብቀው፤ ከዚህ በላይ የምትከስረውን ስመለስ እከፍልሃለሁ» ብሎ ወደ ጉዳዩ ሄደ።

የተጎዳውን ሰው አንድም ጥያቄ አልጠየቀውም። ማን ነህ፣ ወገንህ የት ነው፣ በዚህ መንገድ ብቻህን ለምን መጣህ አላለውም። አይሁድና ሳምራውያን እንደማይተባበሩ ደግሞ ዮሐንስ 4፥9 ይነግረናል። በሰውየው ላይ ያኖረው ቅድመ ሁኔታ የለም ማለት ነው። በራሱ ሥራ ላይ ግን ልክ ነበረው፦ የታወቀ ገንዘብ፣ የታወቀ ጊዜ፣ ቀሪውን የሚሠራ ረዳት፣ ተመልሶ የሚያይበት ቀጠሮ። መንገዱንም አልተወም። ፍቅርዎ ሳይሰበር እንዲቆይ ከፈለጉ እነዚህን አራቱን ይያዙ።

አንድ ስም፣ አንድ ወረቀት

«ሰውን ሁሉ እወዳለሁ» ከማለት አንድ ሰው መምረጥ ይሻላል። የሚመርጡት ሰው ስሙ ሲነሳ ፊትዎ የሚለወጥበት ይሁን፦ የባልዎ እህት፣ የሥራ ባልደረባዎ፣ የአጥር ጎረቤትዎ፣ ወይም እዚያው ቤት ውስጥ ያለ ልጅዎ። አበበች ጎበና በ1980 እ.ኤ.አ. ከግሸን ማርያም ጉዞ የተመለሱት ሁለት ሕፃናት ይዘው ነው፤ ኋላ የብዙ ሺህ ልጆች እናት የተባሉት ከዚያ ተነሥተው ነው።

በወረቀት ላይ ሦስት መስመር ይጻፉ። በመጀመሪያው የሰውየውን ስም፣ የክርስትና ስሙን ካወቁ እሱንም። በሁለተኛው ያስቀመጡበትን ቅድመ ሁኔታ፣ በልብዎ በሚናገሩበት ቋንቋ እንዳለ ያስፍሩት፦ «ቀድማ ካልደወለች አልደውልም»፣ «አጥፍቻለሁ ካላለ ቤቱን አልረግጥም»፣ «ሰክሮ ከመጣ አላስገባውም»። በሦስተኛው፣ ሁኔታው ሳይሟላ ማድረግ የሚችሉትን አንድ ትንሽ ነገር ይጻፉ። ከ15 ደቂቃ የማይበልጥ፣ በሳምንት አንድ ጊዜ የሚደረግ፣ ቀኑና ሰዓቱ የታወቀ ይሁን። «ዘወትር እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እደውልላታለሁ» ይበቃል።

ሁለተኛው መስመር ላይ ቆም ይበሉ። እዚያ የጻፉት ሁሉ መሰረዝ ያለበት አይደለም። እያንዳንዱን «ይህ የሚጠብቀው ምንድን ነው?» ብለው ይጠይቁ። «ሰክሮ ከመጣ አላስገባውም» ልጆች በሚተኙበት ቤት ሰውን ከጉዳት የሚጠብቅ አጥር ነው፤ ይቆይ። በምትኩ ሳይሰክር የሚያገኙት ሌላ ሰዓትና ቦታ ይፈልጉለት። «ቀድማ ካልደወለች» ግን የሚጠብቀው ክብርዎን ብቻ ነው። እሱን ይሰርዙት።

ከዚያ ስምንት ሳምንት ይቀጥሉ። ከስምንት ሳምንት በታች ከሆነ ሰውየው ነገሩን እንደ አጋጣሚ ያየዋል። የዐቢይ ጾም 55 ቀን ለዚህ የተመቸ ጊዜ ነው፤ ሰውነቱም ጸሎቱም አስቀድሞ ሥርዓት ይዟልና ሌላ ልማድ መጨመር ይቀላል።

ሥራውን ከማድረግዎ በፊት ለሰውየው በስሙ ይጸልዩ። እዚህ ላይ ብዙዎቻችን የምንስተው ነገር አለ። «ልቡናውን መልስለት» የሚለው ጸሎት ብቻውን ሲሆን ብዙ ጊዜ ክስ ነው፤ እግዚአብሔር ፊት ቆመን ሰውን መክሰስ ይሆናል። የሚፈልገውን ነገር ጠቅሰው ይለምኑለት፦ ለወገቡ ሕመም፣ ለልጁ ፈተና፣ ለኪራይ ቤቱ። የሚፈልገውን የማያውቁ ከሆነ ምን ያህል እንደራቁት ያኔ ይገባዎታል፤ የመጀመሪያው ሳምንት ሥራ እሱን መጠየቅ ይሁን።

በዚህ ደረጃ የሚበላሸው በሦስት መንገድ ነው። አንደኛው ከመጠን በላይ መጀመር ነው፤ በየቀኑ እጠይቃታለሁ ያለ ሰው በሁለተኛው ሳምንት ያቆማል፣ ያቆመውም ከበፊቱ የባሰ ቅሬታ ይፈጥራል። ሁለተኛው ማውራት ነው። «እኔ እንኳ እየደወልኩላት ነው» ብለው ለሌላ ዘመድ የነገሩ ዕለት ሥራው ብድር ሆነ፤ ወሬው እሷ ጋ ሲደርስም የተዋረደች ይመስላታል። ግራህ ቀኝህ የምትሠራውን አትወቅ የተባለው (ማቴዎስ 6፥3) ሁለቱንም ሰው ይጠብቃል። ሦስተኛው ስብከት መጨመር ነው። የደወሉት ሊጠይቋት ከሆነ ጠይቀው ይዝጉ።

ሰውየው «ምን ፈልጎ ነው?» ብሎ ቢጠራጠር አይክፋዎት። ለዓመታት ያልጠየቀው ሰው በድንገት ሲጠይቀው መጠርጠሩ ትክክል ነው። ረጅም ማብራሪያ አይስጡ፤ «ምንም፣ ደኅንነትህን ብዬ ነው» ካሉ በኋላ በሚቀጥለው እሑድ በዚያው ሰዓት ይደውሉ።

የተኳረፈ ወንድም

ከሁሉ የሚከብደው ይህ ስለሆነ ረዘም አድርገን እንየው። በእኛ አገር ወንድምና እህትን ለዓመታት የሚያኳርፈው ብዙ ጊዜ የወላጅ ቤት ወይም መሬት ነው፤ በገንዘቡ ተጀምሮ በተዝካር ወይም በሠርግ ላይ በተነገረ አንድ ቃል ይታተማል። ኋላ ሰው የሚያስታውሰው ቃሉን ነው።

ማን ይጀምር? ማቴዎስ 5፥23-24 መባህን በመሠዊያው ፊት ትተህ ሂድ የሚለው ወንድሙ በእርሱ ላይ ቅሬታ እንዳለው ያስታወሰውን ሰው ነው። ማቴዎስ 18፥15 ደግሞ ሂድ የሚለው የተበደለውን ነው። ሁለቱን አንድ ላይ ያነበበ ሰው «ተራው የሱ ነው» የሚልበት ቦታ አያገኝም። በቅዳሴ ዲያቆኑ «ተአምኁ በበይናቲክሙ» ሲል ከቁርባኑ በፊት የሰላም ሰላምታ ያዛል፤ አጠገብ የቆመውን እጅ መንሣት ቀላል ነው፣ ያ ትእዛዝ ግን ቤት ድረስ የሚከተል ነው።

ከመሄድዎ በፊት ብቻዎን ሆነው ሁለት ዓረፍተ ነገር ይጻፉ። አንዱ የሆነውን ነገር፣ ያለ ስድብና ያለ ቅጽል፤ ሌላው የራስዎን ድርሻ። ሁለተኛውን መጻፍ ካቃተዎት ገና አልደረሱምና አይሂዱ፤ ከንስሐ አባትዎ ወይም ከመጋቢዎ ጋር አስቀድመው ይነጋገሩ። ይቅርታ ሊጠይቁ ሄደው ክስ አንብበው የሚመለሱ ሰዎች የበዙት ይህን ደረጃ ስለሚዘሉ ነው።

ጊዜና ቦታ መምረጥ ያስፈልጋል። በዓል ቀን፣ ለቅሶ ቤት፣ ሠርግ ላይ አይሁን፤ ሕዝብ ሲያይ ማንም ልቡን አይሰጥም፣ እምቢ ማለትም መታረቅም የይስሙላ ይሆናል። ጉዳዩን በጽሑፍ መልእክት አይጨርሱት፤ መልእክቱ ለቀጠሮ ብቻ ይሁን፦ «ሰላም ነህ ወንድሜ? ቅዳሜ ከሰዓት ቤት ብመጣ ይመችሃል? ስለ ቤቱ ጉዳይ አይደለም፤ አንተን ልጠይቅህ ነው።» ባዶ እጅ አይሄዱም፣ ነገር ግን ውድ ስጦታም አይያዙ። ግማሽ ኪሎ ቡና ወይም ለልጆቹ ፍራፍሬ ይበቃል። ትልቅ ስጦታ ተቀባዩን ባለዕዳ ያደርገዋል፤ እርስዎ ደግሞ የመጡት ዕዳ ሊሰርዙ ነው።

ቡናው ሳይፈላ ይናገሩ፤ ቢዘገይ ወሬው ይወስድዎታል። ሦስት አጭር ነገር ይበቃል፦ ምን እንዳደረጉ፣ ምን እንዳደረሰበት፣ ይቅርታ። «በአባባ ተዝካር ላይ በሰው ፊት ሌባ ብዬሃለሁ። በልጆችህ ፊት አዋርጄሃለሁ። ይቅር በለኝ።» ከዚያ ዝም ይበሉ።

የሚያበላሹት ቃላት የታወቁ ናቸው። «ካስቀየምኩህ» ማለት ጥፋቱን ጥርጣሬ ውስጥ ይከታል፤ ሰሚው «ተቀይሜ እንደሆነ እንኳ አያውቅም» ይላል። «አንተም እኮ» ሒሳቡን እንደገና ይከፍታል። «ሁለታችንም አጥፍተናል» ደግሞ ትሕትና ይመስላል፣ ግን የሱን ድርሻ እርስዎ ማከፋፈልዎ ነው፤ የራሱን ድርሻ እሱ ራሱ ሲያነሣው ብቻ ነው የሚጠቅመው።

ወንድምዎ ቢቆጣ ይስሙት። ቀኑን ቢያሳስት፣ ያላሉትን ቃል ቢጨምር አያርሙት፤ በዚያ ሰዓት የሚፈሰው የቆየ መግል ነው። «የለዘበች መልስ ቍጣን ትመልሳለች» ይላል መጽሐፈ ምሳሌ 15፥1፤ በዚህ ቦታ የለዘበች መልስ «እውነትህን ነው፣ ያማል» ናት። ከአንድ ሰዓት በላይ አይቆዩ። የመጀመሪያው ጉብኝት ሁሉን ነገር አይፈታም፤ ቆይታው ሲረዝም ወደ ቤቱ ጉዳይ ይንሸራተታል።

«አልፈልግም፣ ውጣልኝ» ቢልስ? «ገባኝ፣ በእኔ በኩል ግን ቂም የለም» ብለው ይውጡ። ስምንቱን ሳምንት ግን አያቋርጡ። ስልኩን ባያነሣ እንኳ ለዘመን መለወጫ፣ ለገናና ለፋሲካ «እንኳን አደረሳችሁ» ይድረሰው፤ የልጆቹን ስም እየጠሩ። ይህን ሲያደርጉ «አየህ፣ እኔ እየደወልኩ ነው» የሚል ቃል በፍጹም እንዳይገባበት።

ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ከሞከሩ በኋላ ማቴዎስ 18፥16 አንድ ወይም ሁለት ሰው ይዘህ ሂድ ይላል። ሽማግሌ ሲመርጡ ሁለታችሁም የምታከብሩት፣ ከንብረቱ ድርሻ የሌለው፣ ከማንኛችሁም ያልተበደረ ይሁን። አስቀድመውም ይንገሩት፦ «የመጣነው ቤቱን ልንካፈል አይደለም፤ እንድንነጋገር ብቻ ነው።» ክፍፍሉን ከእርቁ ጋር አንድ ቀን የጨረሱ ቤተሰቦች ብዙ ጊዜ ሁለቱንም ያጣሉ፤ በክፍፍሉ ያልረካው ወገን እርቁንም እንደ ማታለያ ያየዋልና። ክፍፍሉ ለብቻው ቀን ይያዝለት፣ በጽሑፍ ይስፈር፣ በምስክር ይፈረም።

ጳውሎስ በ1ኛ ቆሮንቶስ 6 ወንድም ወንድሙን በፍርድ ቤት መክሰሱን ይነቅፋል። ጉዳዩ ገና ችሎት ካልደረሰ ሽማግሌውን ያስቀድሙ። ከደረሰ ደግሞ አንድ ነገር ይስማሙ፦ ስለ ክሱ በጠበቃ ወይም በሽማግሌ ፊት እንጂ በእናት ቤት አይነሣም። እናትን ዳኛ ማድረግ ከሁሉ የከፋው ጭካኔ ነው።

የአልጋ ቁራኛ የሆነ ወላጅ

እዚህ ላይ መውደድ በእጅ ሥራ ይለካል። ብድር የሚመልስ አቅም ከሌለው ሰው ጋር ነዎት፤ አንዳንዴ ደግሞ ከሚቆጣና ከሚሳደብ ሰው ጋር።

ራሱን ማዞር የማይችልን ሰው በየ2 ሰዓቱ ጎኑን ያዙሩት። በግራ፣ በጀርባ፣ በቀኝ። በጎን ሲተኛ በጉልበቶቹ መካከል ትራስ ያድርጉ፤ በጀርባ ሲተኛ ደግሞ ትራሱን ከባት ሥር ያኑሩ፣ ተረከዙ ፍራሹን እንዳይነካ። በሚያጥቡት ጊዜ ተረከዙን፣ የዳሌውን አጥንት፣ የወገቡን ታች፣ ክርኑንና ጆሮውን ያስተውሉ። ቆዳ ተጭኖ ሲቆይ ደም አይዘዋወርበትም፣ ከዚያ ይቆስላል። በቀላ ቆዳ ላይ ጣት ተጭነው ሲለቁ ቅላቱ ካልጠፋ የቁስሉ መጀመሪያ ነው። በጠይምና በጥቁር ቆዳ ቅላቱ ላይታይ ስለሚችል ከአካባቢው የጠቆረ፣ የሞቀ ወይም የጠጠረ ቦታ ካለ በእጅዎ ይፈልጉ። ያንን ቦታ አያሹት፤ ማሸት ከሥር የተጎዳውን ሥጋ ያባብሰዋል። ክብደቱን ከዚያ ላይ ያንሡና የጤና ባለሙያ ያሳዩ። የረጠበ አንሶላ ወዲያው ይቀየር።

ሲያጎርሱ ቀና አድርገው ያስቀምጡት፣ አገጩ ዝቅ ይበል፣ ማንኪያው ትንሽ ይሁን፣ አንዱን ሳይውጥ ሌላ አይጨምሩ። ከበላ በኋላም ለ30 ደቂቃ ያህል ተቀምጦ ይቆይ። ሲውጥ የሚያስለው ከሆነ ምግቡ ወደ ሳንባ ሊገባ ስለሚችል ያቁሙና ሐኪም ያማክሩ።

ክብሩን የሚጠብቀው ከመንካት በፊት መናገር ነው። «አባባ፣ አሁን ወደ ግራ ላዞርዎት ነው»፣ «አሁን ጀርባዎን ላጥብ ነው»። በሩን ይዝጉ፤ የሚታጠበው ክፍል ብቻ ይገለጥ፣ ቀሪው በነጠላ ይሸፈን። እንግዳ ባለበት ስለ ሽንቱ አይወራም። አእምሮው የደከመና አንድ ጥያቄ ደጋግሞ የሚጠይቅ ከሆነ «አሁን ነገርኩዎት እኮ!» አይጠቅምም፤ ለእሱ ሁልጊዜ የመጀመሪያው ነው። መልስዎን ሳይቀይሩ፣ በዚያው አጭር ቃል፣ በዚያው ድምፅ ይመልሱ።

አባትዎ ጨካኝ ከነበሩስ? በልጅነት የገረፈን፣ እናትን ያስለቀሰን ሰው ገላ ማጠብ ከባድ ነገር ነው፤ ያልደረሰበት ሰው በቀላሉ «አባትህ እኮ ነው» ይላል። የሚጠበቅብዎት ምንም እንዳልሆነ ማስመሰል አይደለም። የሆነውን ለንስሐ አባት ወይም ለሚያምኑት ሰው ይናገሩ፣ ማልቀስም ካለ ያልቅሱ፤ ከዚያ ወደ ክፍሉ ሲገቡ ሥራውን በትክክል ይሥሩ። ለስላሳ ስሜት ኋላ ሊመጣ ይችላል፣ ላይመጣም ይችላል። በትክክል የተዞረ ጎንና የደረቀ አንሶላ በራሱ ፍቅር ነው። «በሥራና በእውነት እንጂ በቃልና በአንደበት አንፋቀር» ያለው ሐዋርያው ዮሐንስ ነው (1ኛ ዮሐንስ 3፥18)።

ይህን አንድ ሰው ብቻውን አይችለውም። በአብዛኛው ቤት ሸክሙ የሚወድቀው ባላገባችው ወይም ቤት በቀረችው ልጅ ላይ ነው፤ ሌሎቹ «እግዜር ይስጥሽ» እያሉ ይሄዳሉ። የሳምንቱን ሰባት ቀን በወረቀት ያስምሩና በእያንዳንዱ ቀን አንድ ስም ይጻፉ። በአሜሪካ ወይም በዱባይ ያለው ልጅ በአካል መገኘት ባይችል የዳይፐሩን ወጪና የሌሊት አስታማሚ ክፍያ ይያዝ፣ ተወስኖ፣ በየወሩ በዚያው ቀን። ቤት የምትውለው ልጅ ደግሞ በሳምንት ቢያንስ ግማሽ ቀን ከቤት ትውጣ፤ ይህ ተራ ተይዞ እንጂ «ሲመቸን» ተብሎ አይሆንም። ለቤተ ክርስቲያን እየሰጡ ወላጅን መተው እንደማይቻል ጌታ በማርቆስ 7፥10-13 በግልጽ ገሥጿል። እሱ ራሱም በመስቀል ላይ ሆኖ እናቱን ለሚወደው ደቀ መዝሙር አደራ ሰጠ (ዮሐንስ 19፥26-27)፤ አደራ ማካፈል የፍቅር ጉድለት አይደለም።

ቤት ውስጥ የምትሠራው ልጅ

ፍቅራችን የሚፈተነው ምንም ልታደርገን ከማትችል ሰው ጋር ነው። የቤት ሠራተኛ ያለችበት ቤት እነዚህን ይመልከት፦ ደመወዟ በቀኑ ይከፈላል፣ ሳትጠይቅ። ዘዳግም 24፥15 የድኻውን ደመወዝ ፀሐይ ሳይገባ ስጠው ይላል። የምትበላው እኛ የበላነውን ነው፣ እንጀራው ሳይደርቅ። የምትተኛበት ቦታ በር የሚዘጋ ይሁን። እሑድ ማስቀደስ ወይም ጉባኤ መሄድ ከፈለገች ሰዓቱ የራሷ ነው፤ ማታ የምትማር ከሆነ እራቱ ከትምህርቷ ሰዓት ጋር ይስማማ። ብርጭቆ ሲሰበር ከደመወዝ አይቆረጥም። ልጆች «እባክሽ» እና «አመሰግናለሁ» ማለትን የሚማሩት እኛ እሷን ስናናግር ሰምተው ነው። «ልሄድ ነው» ያለች ቀን ደግሞ የሚገባት ሁሉ ተከፍሏት፣ ተመርቃ ትውጣ። በዚያ ቀን የሚሰማው ንዴት ቀድሞ የሰጠነውን ነገር ብድር አድርገን እንደያዝነው ይነግረናል።

ገንዘብ

በተለይ በውጭ አገር ያሉ ወገኖች ስልክ ማንሣት የሚፈሩት በዚህ ነው። ሁለት ነገር ይረዳል። አንደኛ፣ በወር የሚሰጡትን መጠን ከደመወዙ አስቀድመው ለይተው ያስቀምጡ፤ ካለቀ «የዚህ ወር አልቋል፣ በሚመጣው ወር አስታውሰኝ» ማለት እውነት ስለሆነ አያሳፍርም። ሁለተኛ፣ ሉቃስ 6፥35 ሳትጠብቁ አበድሩ ስለሚል፣ ባይመለስ የማያስቀይምዎትን ያህል ብቻ ያበድሩ፣ ሲሰጡም በልብዎ ስጦታ አድርገውት ይስጡ። ከዚያ በላይ ከሆነ ቶሎ እምቢ ይበሉ። «እስቲ ላስብበት» እያሉ ሦስት ሳምንት ማቆየት ከእምቢታ የባሰ ነው፤ ሰውየው እርስዎን እየጠበቀ ሌላ መፍትሔ አይፈልግም። ገንዘቡን መጠጥ ወይም ጫት እንደሚበላው የሚያውቁት ዘመድ ከሆነ የትምህርት ቤት ክፍያውን በቀጥታ ለትምህርት ቤቱ፣ ኪራዩን ለአከራዩ ይክፈሉ፤ ለእሱ ደግሞ ምሳ ይጋብዙትና አብረው ይብሉ። ፍቅሩ ያለው አብሮ መብላቱ ላይ ነው።

መንገድ ላይ ለሚለምን ሰው የሚሰጡት ባይኖርዎት እንኳ ዐይኑን አይተው «እግዜር ይስጥልን» ይበሉ። እንዳላዩ ማለፍ ሰውን ከሰው አያስቆጥርም።

የማይጠየቁት ነገር

ዱላ ባለበት ቤት «ፍቅር ሁሉን ይታገሣል» ተብሎ መቆየት አይታዘዝም። ይቅርታ፣ እርቅና አብሮ መኖር ሦስት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ይቅርታ የተጎዳው ሰው ከእግዚአብሔር ጋር ሆኖ የሚሰጠው ነው። እርቅ ሁለት ሰው ይፈልጋል፤ አጥፊው ጥፋቱን አምኖ መመለስ አለበት። አብሮ መኖር ደግሞ በጊዜ የተፈተነ ለውጥ ይፈልጋል። ጌታ በናዝሬት ከገደል ሊጥሉት በወሰዱት ጊዜ በመካከላቸው አልፎ ሄደ (ሉቃስ 4፥29-30)፤ ጳውሎስን በደማስቆ ሊገድሉት ሲያደቡ ደቀ መዛሙርት በቅርጫት አድርገው በቅጥሩ አወረዱት (ሐዋርያት ሥራ 9፥25)። ሁለቱም ጠላታቸውን ከመውደድ አልጎደሉም።

ስለዚህ የተመታች ሴት መጀመሪያ ደኅና ቦታ ትሂድ፣ ሐኪም ይያት፣ ለፖሊስ ታመልክት። ሽማግሌ ሆነው የሚሄዱ ሰዎች «ለልጆችሽ ብለሽ ታረቂ» ብለው በዚያው ሳምንት እንዳይመልሷት እንለምናቸዋለን፤ እንዲህ ያለው እርቅ ሰው አስገድሎ ያውቃል። ልጅ ከተነካ ደግሞ ነገሩ የሽምግልና አይደለም። ለአጥፊው የሚደረግ ፍቅር እዚህ ላይ መጸለይ፣ በሕግ ፊት እንዲቆም መተው፣ ታስሮም እንደሆነ ሌላ ሰው ስንቅ እንዲያደርስለት ማድረግ ነው። ተጎጂዋ እንድትወስድለት አይጠበቅም።

የወደቁ ዕለት

አምስተኛው ሳምንት ላይ ይናደዳሉ፤ የደወሉላት ሴት ታመናጭቅዎታለች፣ እርስዎም አፍዎ ያመልጥዎታል። ይህ የሥራው ፍጻሜ አይደለም፤ ብዙ ሰው የሚያቆመው ግን እዚህ ነው። ፀሐይ በቁጣዎ ላይ ሳይገባ (ኤፌሶን 4፥26) መልሰው ይደውሉ። «ቅድም ጮኼብሻለሁ፣ ይቅርታ» ብቻ ይበሉ፤ ደክሞኝ ነው፣ ሥራ በዝቶብኝ ነው አይጨምሩ። ካላነሣች በመልእክት ይላኩት። ወረቀቱን አውጥተው ሦስተኛውን መስመር ይመልከቱ፤ 15 ደቂቃው ከብዶ ከሆነ ወደ 5 ያውርዱት፣ ጥሪው የሚያናድድዎት ከሆነ በቃል ፋንታ በልጇ እጅ ዳቦ ይላኩ። ቀኑንና ሰዓቱን ግን አይቀይሩት፤ በሚመጣው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እንደተለመደው ይደውሉ፣ ወይም ዳቦውን ይላኩ።